የሚነዝረው ቤታችን

ፍሪጃችንን በጨርቅ ይዤ መክፈት የጀመርኩበትን ቀን በውል አላስታውሰውም። በልግ ገብቶ መሬቱ ረጥቦ እንደነበር ግን አውቃለሁ። አንድ ጠዋት እርጎ ላወጣ እጀታውን ስይዝ ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ጉንዳን የወረረው ሰው የሚሰማው ዓይነት ነው እንጂ ያን ያህል የሚያም አልነበረም። በማግስቱም ነዘረኝ። በሦስተኛው ቀን ነጠላ ጫማ አድርጌ ያዝኩት፤ ቀለል አለ። በደረቅ ጨርቅ ያዝኩት፤ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቁራጭ ፎጣ እጀታው ላይ ታስራ ቀረች። እንግዳ ሲጠይቀኝ «እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው» እላለሁ፤ በዚሁ ያልፋል።

የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ ምክንያቱም እኔ ኤሌክትሪክ የምፈራ ሴት ነኝ። አንድ ክረምት የጎረቤት ላም የወደቀ ሽቦ ረግጣ ዓይኔ እያየ ሞታለች። አንዴ እንኳ እምቧ አላለችም፤ ቆማ ሣር ስትግጥ የነበረችው ላም እንደ ጆንያ ዘፍ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከፍሪጁ በቀር ያለውን ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ። ባሌ «አንቺ ያለሽበት ቤት በኩራዝ ቢኖር ይሻለው ነበር» እያለ ይስቅብኛል። እንዲህ የምፈራ ሰው የሚነዝር ፍሪጅ ፎጣ አስሬለት ወራት መቀመጤ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ለልጄ የምፈራውን ያህል ለራሴ አልፈራሁም መሰለኝ። ደግሞስ ብናገር ፍሪጁ ተነቅሎ ይወጣል። እሱን ፍሪጅ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ ነው ያገኘሁት።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እዚህ ሆሳዕና ከተማ የሚያድረው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ልጄ ነርስ ናት። ሥራዋ አንጋጫ ከተማ ስለሆነ ዓርብ ትመጣለች፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች። በመካከሉ ያለችውን ቅዳሜና እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ነው የምትሰጣት፤ ካቶሊኮች ነን፣ እሷም ከመዘምራኑ ጋር ጊታር ትመታለች። ድሮ የምትመታው ተራውን የእንጨት ጊታር ነበር። ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ይዛ መጣች፤ አብሮትም ድምፅ የሚያጎላ ሣጥን አለ። እሷ አምፕ ትለዋለች።

እንግዲህ ይህ አምፕ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጉረመርም ነበር። ገና ሶኬት ላይ ሲሰካ «ኡምምም» ይላል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት። የሚገርመው፣ ልጄ እጇን ክሮቹ ላይ ስታሳርፍ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስታነሳ ተመልሶ ይመጣል።

«ይኸ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?» አልኳት። «ሲይዙት ዝም፣ ሲለቁት ማላዘን።»

«ኖይዝ ነው፣ አማ፤ የድምፅ ረብሻ። ገመዱ ይሆናል» አለችኝ። እናትን በሀዲይኛ አማ ነው የምንለው፤ አማርኛም ስታወራ አማ ነኝ።

ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው። ሳሎን ካለው ሶኬት ነቅላ መኝታ ቤት ሰካችው፤ ያው ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋን፣ አምፖሉን አጠፋን፣ ቻርጀሩን ነቀልን፤ ያው ነው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሣጥኑን ተሸክማ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይዛው ገባች። ባለሱቋ ወዳጄ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ ሆሳዕና ነው የተወለደችው። ለነገር የሰላ ምላስ አላት።

እዚያ ሲሰካ ሣጥኑ ዝም አለ። ፍጹም ዝም። ልጄ ክሩን ነካ ስታደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ዘይት ሊገዙ የቆሙ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

«አየሽ?» አለችኝ ባለሱቋ። «እኔ ቤት ጨዋ ነው። የሚያጉረመርመው አንቺን ሲያይ ነው።»

«ተይኝ እስቲ!»

«እውነቴን ነው የምልሽ። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቤትሽ ነው። አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን አውቃለሁ፣ ልጥራልሽ?»

ልጄ «ጥሪልን» ልትል አፏን ስትከፍት እኔ ቀደምኩና «ቆይ፣ አባቷ ይምጣ» አልኩ። ፎጣዋ ትዝ ብላኝ ነው። ኤሌክትሪሺያን ቤቴ ከገባ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። አባቷ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤ እኔም ነገሩን አላነሳሁም። ልጄ ኡምምታውን ችላ መለማመዷን ቀጠለች።

ነሐሴ ላይ ነው፤ በማግስቱ የቁምስናችን በዓል ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት። ለዚያ በዓል ልጄ ብቻዋን የምትመታው ቦታ ተሰጥቷት ነበርና ለሳምንታት ስትዘጋጅ ከርማለች። እኔ ለእንግዳ ብዬ የሳሎኑን ሊሾ በውሃ አጥቤ ገና መወልወያውን አልጨመቅኩም። እሷ ገላዋን ታጥባ በባዶ እግሯ ወጣች። አምፑን አበራች፤ «ኡምምም» አለ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እግሯን እርጥቡ ሊሾ ላይ አድርጋ የጊታሩን አንገት ያዘች።

አልጮኸችም። እኔን የገደለኝ ይኸው ነው፤ አልጮኸችም። አፏ ተከፈተ፣ ክንዷ ተገተረ፣ ጣቶቿ ክሩ ላይ ተጨብጠው ቀሩ። ያቺ ላም ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ እሷ በኋላ «ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይሆንም» ብላኛለች። ወዲያው ወንበሩ ተገለበጠና በጎኗ ወደቀች፤ ጊታሩም ከእጇ አምልጦ ወዲያ ተወረወረ። መወልወያውን ጥዬ ሮጥኩ፤ በደረቁ የቀሚሴ ጫፍ ጠቅልዬ ሶኬቱን መንጭቄ ነቀልኩት። እንዴት ያንን እንዳሰብኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስትደነግጥ ሀዲይኛው ነው የሚቀድማት። በሀዲይኛ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ፤ ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ አድርጋ የደም ሥሯን መቁጠር ጀመረች። ነርስ አይደለች! ቆጥራ ስትጨርስ አየችኝና «አማ፣ ልቤ ደህና ነው፤ አንቺ ተቀመጪ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል» አለችኝ። ከዚያ ክንዷን እያሻሸች እንዲህ አለች፦ «ጉንዳን የወረረኝ ነው የሚመስለው።»

ጉንዳን። ዓይኔ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ያው ጉንዳን ነው። ይህን ያወቅኩት እዚያው ላይ ነው፤ ግን አፌ አልከፈት አለ።

አፌ የተከፈተው ለቁጣ ብቻ ነበር። ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄን ዕቃ ሁለተኛ አትነኪውም!»

«አማ፣ ነገ በዓል ነው።»

«በዓሉ ይቅር!»

«እሺ፣ እዚህ ካልሆነ ከጓደኛዬ ቤት እለማመዳለሁ።»

«የእሷ ቤት ሽቦ እንዴት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

«የእኛስ እንዴት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አለችኝ።  እሷም መልሴን ሳትጠብቅ ጫማዋን አድርጋ መንገዱን ተሻግራ ባለሱቋን «ያልሽውን ሰው ጥሪልን» አለቻት።

ሰውዬው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። የዱራሜ ሰው ነው፣ ከምባታ፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። በሩ ላይ ቆሞ «የሚነዝረው ማነው? ቤቱ ነው ባለቤቷ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ አልቻልኩም።

ጊታሩን ከቁም ሣጥኑ አስወርዶ እንደነበረው ሰካው። ከደረት ኪሱ ቴስተር አወጣ፤ ጭራው ላይ ትንሽ መብራት ያለባት ጠመንጃ መፍቻ ናት፣ ኤሌክትሪክ ካለ ትበራለች። ጫፏን የጊታሩ ክር ላይ አሳረፈ። በራች። ልጄ በጣቷ በምትነካው ክር ላይ፣ ቀይ ሆና በራች። እጄን ግድግዳው ላይ አደረግኩ።

«ጊታሩ አይደለም» አለ ሰውዬው በዝግታ። «ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣበት። እስቲ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ እንንቀል።»

ቴሌቪዥኑን ነቀለ፤ መብራቷ አልጠፋችም። ምድጃውን ነቀለ፤ አልጠፋችም። ከዚያ ፍሪጁ ፊት ቆመ። ፎጣዋን በሁለት ጣቱ አነሳት።

«ይህች ምንድን ናት?»

«እንዳይቆሽሽ ነው» አልኩት።

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «እህቴ፣ እኔ እንዲህ ያለች ፎጣ በስንት ቤት እንዳየሁ ብነግርሽ አታምኚኝም። ቆሻሻ ፈርቶ ያሰራት ግን አንድ ሰው አላገኘሁም። ይነዝርሻል?»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበልግ።»

 ልጄ ፎጣዋን ከእጁ ተቀብላ ስታገላብጣት፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ሰውዬው ፍሪጁን ነቀለው፤ የቴስተሯ መብራት ድርግም አለች። «እመቤቴ ማርያም!» አልኩ፤ ያለቀ መስሎኝ።

አላለቀም። አምፑ አሁንም «ኡምምም» ይላል።

«ሁለት በሽታ ነው ያላችሁ» አለ ሰውዬው። «የሚነዝረው ከፍሪጁ ነው። ማጉረምረሙ ግን ግራውንድ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያስገባው ነገር፣ የለም ማለት ነው። ግራውንዳችሁ የት ነው የተቀበረው?»

ልጄና እኔ ተያየን። ቤቱ መብራት ሲገባለት እኔ ጊምቢቹ ወደሚባለው ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነበር፤ ሠራተኞቹን ያየ ባሌ ብቻ ነው። ሰውዬው ከቆጣሪው ሥር አንድ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አገኘና ሽቦው በግድግዳው ቀዳዳ ወደሚወጣበት ወደ ጓሮ ዞረ፤ እኛም ተከተልነው። ጓሮው እንሰት ነው። ሽቦው ከግድግዳው ወጥቶ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«እዚህ ጋ ብረት ነበረ» አለ እየጠቆመ። «ወደ መሬት የተመታ፣ መዳብ የተቀባ ብረት። ተሰርቃችኋል።»

ልጄ ነደደች። ወዲያው ለአባቷ ደወለችና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። እሱ መንገድ ላይ አዲሎ ከተማ ምሳ ሊበላ መኪናውን አቁሞ ነበር። ጠዋት የሆነውንና ብረቱ መሰረቁን ስትነግረው «የትኛው አረመኔ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ሰው ጓሮ ገብቶ ብረት የሚነቅል! ልጄን ሊገድልብኝ! ባገኘው...»

እኔ ቀና ብዬ አላየሁም። የማየው እግሬን ነው። ያንን ብረት የነቀለ አረመኔ ማን እንደሆነ አውቄው ነበር።

የካቲት ላይ ነው። የእንሰት ችግኝ ላዛውር ያንን መሬት ስቆፍር ዶማዬ ብረት መታ። እኛ እንሰት ስንተክል ጉድጓዱን በጥልቀት ነው የምንቆፍረው፤ ድንጋዩም፣ የአሮጌ ሥሩም፣ የሰው ኮተቱም ሁሉ ይወጣል። እናቴ «እንሰት አጠገብ ባዕድ ነገር አይተውም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ብረቱ ከቤት ሥራ የተረፈ ፌሮ መሰለኝ። ላዩ ላይ የታሰረውን ሽቦ የተበጠሰ የልብስ ማስጫ ነው ብዬ በቆንጨራ ቆረጥኩት። ግማሽ ቀን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ስነቀንቀው ቆይቼ ነቀልኩት፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ጫፉ የሾለ፣ ቀላ ያለ፣ የሚያምር ብረት። ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴን አመስግኛለሁ። በዚያው ቦታ ላይ የተከልኩት እንሰት ደግሞ እንዴት እንዳማረ!

ብረቱ ሩቅ አልሄደም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ለመስቀል የምናደልበው በሬ እኛ ጓሮ ነው የሚውለው፤ ሰኔ ላይ ሲመጣ ማሰሪያ ካስማ አጥተን ያንን ብረት እኔው በድንጋይ ቀጥቅጬ መሬት አስገባሁለት። አሁን ሦስቱም «ሌባ፣ ሌባ» ሲሉ በሬው ከአሥር እርምጃ በማይርቅ ቦታ ከብረቱ ጋር ታስሮ ያመሰኳል።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ይህን አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም። ሰውዬው አዲስ ብረት ያስመጣል፣ ባሌ ሌባውን ይራገማል፣ ነገሩ ያልፋል። ግን ልጄ አሁንም ያንን ክንዷን ታሻሽ ነበር።

«ሌባ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ምን?» አለች።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። እንሰት ስተክል። ያውና» ብዬ በእጄ አሳየኋቸው።

ሰውዬው ወደ በሬው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየ፤ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየ። ከዚያ ጀርባው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ሰው ባዶውን ቀርቶ በሬው ግራውንድ ተደርጎለታል!» አለ። «ይኸ በሬ እንኳን እናንተን መብረቅም አይፈራ!»

ስልኩ ውስጥ ባሌ «ምን አለች? በሬው ምን ሆነ? በሬው ሞተ እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ልጄ «በሬው ደህና ነው፣ አባ፤ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ነገሩን የምጽፈው ሰውዬው እንዳስረዳን ነው። ፍሪጁ ውስጡ አርጅቶ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ያፈሳል፤ ምናልባት ከድሮም ያፈስ ነበር። ብረቱ እያለ የፈሰሰው በሽቦው አልፎ መሬት ይገባል፣ ሰውም አይነካም። ብረቱ ሲነቀል መሄጃ አጣ። የቤቱ ሶኬት ሁሉ በዚያው አንድ ሽቦ የተያያዘ ስለሆነ፣ ፍሪጁ ያፈሰሰው አምፑ ድረስ ሄዶ በጊታሩ ክር ላይ ሰው ይጠብቃል። በባዶ እግሩ እርጥብ የረገጠ ሰው ሲነካው፣ መሬት የሚገባበት መንገድ ያ ሰው ይሆናል።

ልጄ ይህን እስኪጨርስ ጠበቀችው። እኔ ቁጣዋን ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ፤ የሚገባኝ ነው።

«ከበልግ እስከ ዛሬ» አለችኝ። «አማ፣ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስንቴ ነው ያንን ፍሪጅ የምትከፍቺው? እኔ አንጋጫ ሆኜ፣ አባ መንገድ ላይ ሆኖ፣ አንድ ቀን ፎጣዋ እርጥብ ብትሆንስ? ማነው የሚያገኝሽ?» ከዚያ አለቀሰች። ጠዋት እንዲያ ወድቃ ያላለቀሰችው ልጅ ለእኔ አለቀሰች። እኔ ራሴን አስቤው አላውቅም ነበር። አቅፌያት እዚያው እንሰቱ ሥር ቆምን፤ ሰውዬውም አላየሁም ለማለት ብረቱን ለመንቀል በሬውን መፍታት ጀመረ።

በሬውን ከአቮካዶው ዛፍ ጋር አሰርነው። ሰውዬው ብረቱን አጥቦ በአሸዋ ወረቀት አሸው። አዲስ ቦታ መረጠ፤ ከጣሪያው ውሃ የሚወርድበት፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ፣ ከእንሰቱ ራቅ ያለ። «እዚህ ማንም ምንም አይተክልም፣ ተስማማን?» አለኝ፤ «ተስማማን፣ ጋሼ» አልኩ እንደ ተማሪ። ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰልና ጨው አምጡ አለን። ጨው አልበቃ ብሎ ከሱቅ ስናስመጣ ባለሱቋ ራሷ ይዛው መጣች።

«ለምንድን ነው ይኸ ሁሉ ጨው? በሬውን መስቀል ሳይደርስ ልታርዱት ነው? ድርሻ አለኝ እኮ!»

«መሬቱ ኤሌክትሪኩን እንዲውጠው ነው» አላት ሰውዬው።

«መሬቱ በጨው ነው የሚበላው? ሀብታም ሰፈር!»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ሰውዬው ብረቱን በመዶሻ መታው፣ ከሰሉንና ጨውን በዙሪያው ሞላ፣ ውሃ አፈሰሰበት፣ በአዲስ ሽቦ አያይዞ በብሎን አጠበቀው። ፍሪጁ እንደተነቀለ ይቆይ፣ ሰኞ መጥቼ ውስጡን አየዋለሁ አለ። እኔም «ይቆይ» አልኩ፤ ምንም አልቆረቆረኝም።

ሳሎን ገባን። አምፑን ሰካ፤ ቁልፉን ተጫነ። ጠበቅኩ።

«አልበራም እንዴ?» አልኩት።

«በርቷል» አለ ሰውዬው፤ ትንሿን ቀይ መብራት አሳየኝ። ኡምምታው የለም። ቴስተሩን ክሩ ላይ አሳረፈ፤ አልበራችም። አምፑ ላይ አሳረፈ፤ አልበራችም። «ሦስቴ ልሞክርልሽ?» አለኝ። «ሦስቴ» አልኩት። ሦስቴ ሞከረልኝ።

ልጄ ጊታሩን ልታነሳ እጇን ስትሰድ ያዝኳት።

«መጀመሪያ እኔ።»

«አማ፣ ተፈትሿል እኮ።»

«መጀመሪያ እኔ ነኝ» አልኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ሊሾው አሁንም እርጥብ ነው። ሰውዬው «ትንካው፣ ግድ የለም፤ ካልነካችው ሌሊቱን አትተኛም» አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስተኛሁት፣ አማተብኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አምስቱንም ጣቴን ክሮቹ ላይ ጣልኩ።

ብረት ነው። ቀዝቃዛ፣ ቀጭን ብረት፣ ሌላ ምንም የለበትም። ጉንዳኑ የለም። ጣቴን ስጎትት አንድ ወፍራም ድምፅ ከሣጥኑ ወጥቶ ቤቱን ሞላው፤ ደነገጥኩ፣ ግን አልለቀቅኩም። ደግሜ ነካሁት። ደግሜ። እግሬ እርጥቡ ላይ ነው፣ ልቤም ደህና ነው። እንባዬ ሲወርድ ነበር፤ ባለሱቋ በሩ ላይ ቆማ «ይኸውላችሁ፣ ነገ በበዓሉ እሷ ልትመታ ነው» ስትል ሰማኋት።

«አማ» አለችኝ ልጄ፣ እጇን ዘርግታ። «ስጪኝ እንግዲህ፤ ገና አልተለማመድኩም።»